በምሥራቅ አፍሪካ የመርሳት በሽታ ምርምር ትስስር ከየት ይጀመር? ከማሽኑ፣ ከናሙናው ወይስ ከጥያቄው?

የቡታጅራው (ውይይቱን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ባለፈው ዓመት ሁለት የሕክምና ቡድኖች በየፊናቸው የሰበሰቡትን የአረጋውያን የማስታወስ ምርመራ ውጤት አዋሕደን እንድንተነትን ተጠይቀን ነበር፤ ሥራው በሦስተኛው ቀን ቆመብን። ገንዘብ አልጎደለም፤ ፈቃድም አልዘገየም። ያቆመን አንድ ተራ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ብለው ለመለሱ ሰዎች አንደኛው ቡድን፣ ቀኑ 12 መሆኑን አረጋግጦ፣ ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል። ሌላኛው ቡድን ለዚሁ ዓይነት መልስ ዜሮ ጽፏል። ቅጹ ላይ የቀረው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጣራት አልተቻለም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል የታየው ልዩነት የሕመሙ ይሁን የአራሚው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በቀጣናችን ለመርሳት በሽታ፣ ለፓርኪንሰንና ነርቭን ቀስ በቀስ ለሚያመነምኑ ሌሎች በሽታዎች የምርምር ትስስር እንፍጠር የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ ሲነሣም ወዲያው ወደ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን)፣ ወደ ዘረመል ምርመራና ወደ ናሙና ማቀዝቀዣ ይዞራል። እኔ ግን ትስስሩ መጀመር ያለበት ከጥያቄውና ከአጠያየቁ ነው እላለሁ። በአምስት ቦታ የሚሠሩ ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ጠይቀው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ መዝግበው፣ ያንኑ ሰው ከዓመት በኋላ ተመልሰው ማግኘት ከቻሉ ትስስር አላቸው። ይህን ካልቻሉ ግን የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድ ምንም ያህል ቢወፍር፣ የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ አምስት ቡድኖች ናቸው።

በዚህ ረገድ ከባዶ አንነሣም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን የዳሰሰ የነርቭ በሽታዎች ጥናት አካሂደዋል። ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ፓርኪንሰን ደግሞ ከ100,000 ሰው በ7 ገደማ ላይ እንደታየ ያወቅነው ከዚያ ሥራ ነው። በጊዜው አገሪቱ የነበሯት የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጥናቱ ሊሠራ የቻለው ጠያቂዎቹ በሚገባ ስለሠለጠኑና የአካባቢው ሕዝብ ቤቱን ስለከፈተላቸው ነው። እኚሁ ሰው በጓያ መመገብ ምክንያት የሚመጣውን የእግር ሽባነት በደምቢያና በፎገራ አካባቢ ያጠኑበትን መንገድ ለሚያውቅ፣ የአገር ቤት ጥያቄ በአገር ቤት ዘዴ ሲጠና ምን ያህል እንደሚያስኬድ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምሳሌ ግን የኢባዳንና የኢንዲያናፖሊስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ይህ ሥራ በናይጄሪያዋ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ መሣሪያ ለዓመታት ተከታትሏል። መሣሪያው ማንበብና መጻፍ ለማያውቅ ሰው እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአረጋዊው ሌላ አብሮት የሚኖረውን ዘመድም ይጠይቃል። የሁለቱ አገር ሐኪሞች የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ይዘው በአንድነት ተቀምጠው ይወስኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት ከኢባዳን 2,459፣ ከኢንዲያናፖሊስ 2,147 ሰዎች ተካተው፣ በዓመት ውስጥ በመርሳት በሽታ አዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከእጥፍ በላይ የሆነውን ይህን ልዩነት ዓለም በቁም ነገር የተቀበለው መለኪያው አንድ ስለነበረ ነው። መለኪያው ሁለት ቢሆን ኖሮ እኛ በሦስተኛው ቀን የደረስንበት ጥርጣሬ ላይ ይወድቁ ነበር።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ነዋሪውን በየጊዜው የሚመዘግቡ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያዎች በቡታጅራ፣ በግልገል ጊቤ፣ በዳባት፣ በቀርሳ፣ በክልተ አውላዕሎና በአርባ ምንጭ ተቋቁመው ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። እነዚህ ጣቢያዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አካባቢውን ለቀቀ የሚለውን ይመዘግባሉ፤ ለመርሳት በሽታ ምርምር ከዚህ የሚበልጥ መሠረት የለም፤ በሽታው በዓመታት ውስጥ የሚገለጥ ነውና። በጣቢያዎቹ ላይ አንድ የጋራ የምርመራ መመሪያና አንድ የጋራ መዝገብ ብናስቀምጥ የትስስሩ አጥንት ይቆማል። አስተያየታችሁን፣ በተለይም ተቃውሞአችሁን፣ በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ባለ_ቤተሙከራው

የተከበሩ የቡታጅራው፣ ያነሡት የሚካኤል ምሳሌ ልቤን ነክቶታል፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ናሙና ከጥያቄ ጋር እኩል መጀመር አለበት፤ ደም መሰብሰብን ለነገ ካሳደርነው ነገ ሌላው ዓለም ጥሎን ሄዶ ይጠብቀናል።

ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ናይጄሪያውያን ተመራማሪዎች በዋና ተሳታፊነት በተገኙበት ዓለም አቀፍ የፓርኪንሰን ዘረመል ጥናት ጂቢኤ1 በሚባለው ዘረ መል ውስጥ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታይ፣ በአውሮፓውያን ላይ ግን እጅግ ብርቅ የሆነ ለበሽታው የሚያጋልጥ ለውጥ ተለይቷል። ለአሥርት ዓመታት የአውሮፓውያንን ደም ብቻ ሲመረምር የኖረ ሳይንስ ይህን ሊያየው አይችልም ነበር። የሌጎስና የሌሎች ከተሞች ሐኪሞች ናሙና በትዕግሥት ባይሰበስቡ ኖሮ ዛሬም አናውቀውም። ሁለተኛው፣ ፒ-ታው 217 የተባለውን ፕሮቲን በደም ውስጥ በመለካት የአልዛይመርን (የዋነኛውን የመርሳት በሽታ ዓይነት) ምልክት ማየት የሚያስችል ምርመራ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በአሜሪካ ለሐኪሞች አገልግሎት ተፈቅዷል። የደም ምርመራ ከመምጣቱ በፊት ይህን ለማወቅ ውድ የአንጎል ምስል ወይም ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። ለእኛ ዓይነት አገር ይህ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን የዚህ ፕሮቲን መጠን ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ «በሽታ ነው» የሚባልበት መጠን በእኛ ሰዎች ላይ፣ ከእኛ ሰዎች የደም ግፊት፣ ስኳርና ኩላሊት ጋር ተያይዞ መፈተሽ አለበት። ያንን የሚሠራልን ሌላ ሰው የለም።

ይህን ስል የናሙናን ጣጣ ረስቼ አይደለም። በምሠራበት ቤተ ሙከራ በአንድ የፋሲካ ሰሞን ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ናፍጣው እስከ እሑድ ከሰዓት ብቻ ቆየ። የማቀዝቀዣው ማስጠንቀቂያ ደወል ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲጮህ አድሮ ሲጮህ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስንከፍት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን የነበረበት ማቀዝቀዣ የክፍሉን ያህል ሞቆ፣ ከቱቦዎቹ ላይ የተላቀቁ የወረቀት መለያዎች ወለሉ ላይ ረጥበው ተጣብቀው አገኘን። የሁለት ዓመት ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ሳምንት ተረኛ እንመድባለን፤ ማስጠንቀቂያውም ወደ ሦስት ሰዎች ስልክ እንዲደውል አድርገናል። እንዲያም ሆኖ መሰብሰባችንን አላቆምንም፤ መቆምም የለብንም።

ከጎንደር_ነኝ

የሁለታችሁንም ሐሳብ በጥሞና አንብቤአለሁ። ስለ ጥያቄው የተነሣውን በተግባር ከገጠመኝ ተነሥቼ ላጠናክረው።

በውጭ የተዘጋጁት መመርመሪያዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን እንዲዘረዝሩ ይጠይቃሉ። ይህን ወደ አማርኛ ስንመልስ «በ‹ፈ› የሚጀምሩ ቃላትን ይጥሩልኝ» እንላለን። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር «ፈረስ፣ ፈትል፣ ፈንጣጣ» ካሉ በኋላ ቆም ብለው «ፊደል ይቆጠራል? ፍየልስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄአቸው ትክክል ነው። የ‹ፈ› ቤት ሰባት ድምፅ አለው፤ ግዕዙን ብቻ የሚቀበል ጠያቂና ሰባቱንም የሚቀበል ጠያቂ ለአንድ ሰው ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ ደግሞ ጥያቄው ከነጭራሹ ትርጉም የለውም፤ የእንስሳት ስም ጥሩ ሲባል ግን ከበሬ ጀምሮ እስከ ሽኮኮ ያለ ማመንታት ይዘረዝራል። የወቅቱ ጥያቄም እንዲሁ ነው። በጥቅምት ወር «ወቅቱ ምንድን ነው?» ሲባል አንዱ መፀው፣ ሌላው ጸደይ፣ ብዙው ሰው በጋ ይላል፤ ከእነዚህ መካከል የትኛው ዜሮ ይሰጠው?

በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ለገጠር አረጋውያን የተዘጋጀ አይዲያ የሚባል አጭር መመርመሪያ አለ። በእርሳስ ሥዕል ከማስቀዳት ይልቅ በአራት የክብሪት እንጨቶች የተሠራን ቅርጽ አይቶ መልሶ መሥራትን ይጠይቃል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ወረቀት ሲሰጣቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የክብሪት እንጨቱን ሲያዩ ግን ወደፊት ጠጋ ይላሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰላማዊት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሐኪም አይደለሁም፤ እናቴን ለስድስት ዓመታት ያስታመምኩ ልጅ ነኝ። በመካከላችሁ ለመጻፍ ያመነታሁ ቢሆንም የጋሼን የሚካኤል ታሪክ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ አሜሪካ ከመጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስታወስ ምርመራ የተደረገላት በስልክ አስተርጓሚ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ስትጠየቅ በእኛ አቆጣጠር በትክክል ተናገረች፤ አስተርጓሚው እንዳለ መለሰው፤ መርማሪዋ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደቀረች አድርጋ መዘገበችው። ወሩን ስትጠየቅ «ነሐሴ» አለች፤ አስተርጓሚው «ኦገስት» ብሎ ተረጎመው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ግን መስከረም ገብቶ ስለነበር ያም ስህተት ተባለ። አጠገቧ ተቀምጬ ለማስረዳት ስሞክር እንዳልረዳት በትሕትና ተነገረኝ። በዚያ ቀን በተሰጣት ውጤት መሠረት በሽታዋ መካከለኛ ደረጃ ላይ ደርሷል ተባልን። እናቴ ያኔ ቡና አፍልታ፣ የእድር ዋጋ የከፈለና ያልከፈለውን በቃሏ የምትለይ ሰው ነበረች። የመርሳት በሽታው ከሁለት ዓመት በኋላ በእርግጥ መጣ፤ ሲመጣ ግን የሚያወዳድሩበት ትክክለኛ መነሻ ስላልነበረ ምን ያህል እንደፈጠነ የሚነግረን አልተገኘም።

ስለዚህ የምታዘጋጁት የአማርኛ መመርመሪያ ለቡታጅራና ለዳባት ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በሪያድና በለንደን ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው በሐኪም በር ላይ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። እኛም መረጃ መስጠት እንችላለን፤ የምንጠየቀው በቋንቋችን ከሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት ተከታትላችሁ ልትጠይቁ የምታስቡት ሰው ምን ያገኛል? «አይ፣ ጃጅታ ነው» እየተባለ የሚታለፍ ቤተሰብ ቢያንስ ሊድን የሚችል ነገር እንዳለ ሊመረመርለት ይገባል።

ነርስ_ዘአሽዶድ

የእህቴ የሰላማዊት ጽሑፍ በየቀኑ የማየውን ነው የገለጸው። በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የሚሆን የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጡት ያኔ ጎልማሶች የነበሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። እኔ የማክለው ስለ ዕድሜ ነው። የብዙዎቹ የልደት ቀን ሲመጡ በግምት የተጻፈ ነው፤ መታወቂያው 78 ቢልም ሰውየው 85 ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ በሽታ ዕድሜ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ስለሆነ፣ የሰባት ዓመት ስህተት መላውን ስሌት ያዛባዋል።

እኛ የምናደርገው በታወቀ ክስተት መጠየቅ ነው። ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር? ንጉሡ ሲመለሱ በግ ለመጠበቅ ደርሰው ነበር? የታናሽ ወንድምዎ ክርስትና ወይም ግዝረት ከዚያ በፊት ነው በኋላ? በየአካባቢው የታወቀ ረኀብ፣ የአንበጣ መንጋ፣ የሹም ስም ሲጨመርበት ዕድሜው ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ልዩነት ይጠብባል። የጋራው መመሪያ ለየወረዳው እንዲህ ያለ የክስተት ዝርዝር ቢኖረው መልካም ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ የአካባቢው ሽማግሌዎች እንጂ ዩኒቨርሲቲ ሊያዘጋጀው አይችልም።

ቦረና_ሞያሌ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ በአማርኛ ዙሪያ ስለሆነ አንድ ነገር ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ትስስሩን በአገር ድንበር ከማሰብ በቋንቋ ብናስበው ይሻላል። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀና የተፈተሸ መመርመሪያ ከጅማ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ተሻግሮ እስከ ማርሳቢት ያገለግላል። የሶማሊኛው ጅግጅጋን፣ ሀርጌሳንና ጋሪሳን ያገናኛል። የትግርኛው መቀሌንና አስመራን። ናይሮቢ ላይ ለሶማሊኛ ተናጋሪ አዲስ ትርጉም፣ ጅግጅጋ ላይ ደግሞ ሌላ አዲስ ትርጉም ማዘጋጀት ሁለት እጥፍ ድካምና ሁለት የማይወዳደሩ ቁጥሮች ማለት ነው። ቀጣናዊ የሚለው ቃል ለእኔ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ለፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረና በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ግብፅን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያንና ደቡብ አፍሪካን ያቀፈ የምርምር ሥራ አለ። ሰባቱ አገሮች አብረው መሥራት ከለመዱ የመርሳት በሽታው ትስስር በዚያው መንገድ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ አዲስ መንገድ መጥረግ የለብንም።

የመረጃ_ባለሙያዋ

ስለ ናሙናውም ሆነ ስለ ጥያቄው የተባለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ሰዎቹ ለዓመታት እንዲያምኑን ማድረግ ላይ።

በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ ክፍለ ሀገር ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በ2024 እስኪያርፉ ድረስ 6,000 ገደማ አባላት ያሉትን ሰፊ የቤተሰብ ሐረግ ተከታትለዋል። በዚህ ሐረግ ውስጥ ፕሬሴኒሊን 1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለውን ለውጥ የወረሰ ሰው ገና በ40ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ መርሳት ይጀምራል። ለመከላከል የታሰበ መድኃኒት በ252 የቤተሰቡ አባላት ላይ ለዓመታት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ግልጽ ጥቅም አለማሳየቱ ታወቀ። ይህን ያህል የተስፋ መቁረጥ ዜና ሰምተው ቤተሰቦቹ ከምርምሩ ያልራቁት በመካከል አርባ ዓመት የተሠራ ዝምድና ስላለ ነው። ነርሶቹ ቤታቸውን ያውቃሉ፤ ለቀብር ይመጣሉ።

እኛ ጋ ይህ እንዲሆን ከወዲሁ መወሰን ያለባቸው ነገሮች አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ስለዚህ መረጃው በየትኛው አገር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ማን ይከፍተዋል የሚለው የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ናሙና ከአገር ሲወጣ የሚፈረመው የማስተላለፊያ ስምምነት ላይ ለምን ጥቅም እንደወጣ፣ ትርፉ ምን እንደሚደረግና ውጤቱ ለሰጪው እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ መጻፍ አለበት። ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ተሳታፊ ዛሬ ፈቅዶ ከሦስት ዓመት በኋላ መፍቀድ የማይችል ሊሆን የሚችል ሰው ነው። አእምሮው ገና ደኅና ሳለ «ወደፊት እኔ መወሰን ሳልችል ስቀር እከሌ ይወስንልኝ» ብሎ የሚያምነውን ሰው እንዲሰይም መጠየቅ ይኖርብናል። የበኩር ልጅ ነው ብለን እኛ መገመት የለብንም፤ ብዙ ጊዜ የምታስታምመው ታናሽ ሴት ልጅ ናት፤ ስትጠየቅ ግን ታላቅ ወንድሟ ይመልስላታል።

ለእህቴ ሰላማዊት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። በትስስሩ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ሁሉ የታይሮይድ (የአንገት እጢ)፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ፣ የመስማት ችሎታ ፍተሻና የደም ግፊት ክትትል ማግኘት አለበት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርሳት የሚመስል ነገር የሚያመጡ፣ ሲታከሙም የሚሻሻሉ ናቸው። እንቅርት ባለበት አገር ታይሮይድ ሳይመረመር «የመርሳት በሽታ» ብሎ መጻፍ በሰው ላይ የሚሠራ በደል ነው።

የቡታጅራው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ባለ ቤተሙከራው፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ሐሳቤን በከፊል ለውጠውታል። ደሙ በመጀመሪያው ጉብኝት ካልተቀዳ ያ ቀን ተመልሶ እንደማይመጣ ተረድቻለሁ። ነገር ግን በስድስት ጣቢያ ስድስት ማቀዝቀዣ ከመትከል ይልቅ፣ ደሙ በዕለቱ ተጣርቶ ወደ ሁለት ማዕከላት ቢላክና ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ቢቀመጥ፣ የእርስዎ የፋሲካ ማክሰኞ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እንኳ ሁሉም አይጠፋም። ለናፍጣ የሚመደበው በጀት በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ በራሱ መስመር ይጻፍ፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ከተደበቀ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን እጸናለሁ። ከ0 እስከ 30 የሚደርስ የማስታወስ ምርመራ ውጤት አጠገቡ ከሌለ የናሙና ቱቦው ስለ ማን እንደሚናገር አናውቅም፤ ውጤቱም የሚታመነው ጠያቂዎቻችን አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጋራ ሥራችን ከየጣቢያው ሁለት ሁለት ጠያቂዎች ተሰብስበው አንድን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ እያዩ ለየብቻ ነጥብ የሚሰጡበት፣ የተለያዩበትን ቦታ እየነቀሱ የሚነጋገሩበት አንድ ሳምንት እንዲሆን አቀርባለሁ። ለቪዲዮው ከቤተሰቡም ከአረጋዊውም ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ለማድረግ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ከጎንደር_ነኝ

ከእኛ በኩል ሁለት ጠያቂዎች ይመጣሉ። ለሳምንቱ ይረዳ ዘንድ የቀኑን ጥያቄ በተመለከተ አንድ ደንብ ጽፌ ከባልደረቦቼ ጋር ተወያይተንበታል። «ሚካኤል ነው» ያለ ሰው ቀኑ 12 ከሆነ ሙሉ ነጥብ፣ «ነገ ሚካኤል ነው» ያለ ደግሞ ቀኑ 11 ከሆነ እንዲሁ ሙሉ ነጥብ ያገኛል ብለን ነበር። አንዷ ባልደረባችን ግን ወሎ ተመድባ ስትሠራ ያጋጠማትን አነሣችልን። አንድ አባት ቀኑን ሲጠየቁ በሂጅራ አቆጣጠር «ረጀብ 27» ብለው መለሱላት፤ እሷ አቆጣጠሩን ስለማታውቅ ዜሮ ጻፈች፤ ማታ ስታጣራ ትክክል ነበሩ፤ ቅጹ ግን ተልኮ ነበር።

የመረጃ_ባለሙያዋ

እንግዲያው ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፤ ጠያቂው በቦታው ነጥብ አይስጥ። አረጋዊው ያለውን በራሳቸው አንደበት እንዳለ ይጻፍ፤ የሦስቱን አቆጣጠር ሠንጠረዥ ይዘን ነጥቡን በኋላ እኛ እንሰጣለን። በኤሌክትሮኒክስ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን የጽሑፍ ሣጥን ዛሬ ማታ እጨምራለሁ፤ መልሱ ሳይጻፍበት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እንዳያልፍም አደርገዋለሁ።

ሰላማዊት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሠንጠረዡ ሲያልቅ እባካችሁ ለእኛም ላኩልን። እዚህ ለሚሠሩ አስተርጓሚዎች አሳትሜ አድላቸዋለሁ።